ከቀዶ ጥገና በኋላ የልጅን ሕመም ማስታገስ፦ ነርሶች በሥልጠና ምን ማግኘት አለባቸው?

በሕፃናት ቀዶ ጥገና ዋርድ የአንድ ልጅ ቻርት ሲገለጥ ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና አተነፋፈሱ በየሰዓቱ ተሞልቶ ይገኛል። የሕመም ረድፉ ግን ብዙ ጊዜ ወይ የለም፣ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ከላይ እስከ ታች «0» ተደርድሮበታል። ከሦስቱ የሚከፋው የመጨረሻው ነው። ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት በየሰዓቱ ዜሮ ሊሆን የሚችለው በጣም ጥሩ ሕክምና ካገኘ ብቻ ነው። ማስታገሻ ሳይሰጠው ዜሮ ከተጻፈለት፣ ቁጥሩ የመጣው ከልጁ ሳይሆን ቅጹ እንዳይጎድል ከሚል ሐሳብ ነው።

ስለ ሕመም የሚሰጡ ሥልጠናዎች በአብዛኛው እውቀት ላይ ያተኩራሉ። ነርሶቹ አዳራሽ ይቀመጣሉ፣ ስለ ሕመም ዓይነትና ስለ መድኃኒት ይማራሉ፣ በፈተናውም ውጤታቸው ከፍ ይላል። ዋርዱ ውስጥ ግን የሚለወጥ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እውቀት ላይ ብቻ ሳይሆን የተለካው ቁጥር ወደ እርምጃ በማይለወጥበት ቦታ ላይ ነው። በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋው የአንድ ቀን የሕመም ሕክምና ሥልጠና ነገሩን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ለይ፣ ገምግም፣ አክም። ለልጆች ዋርድ አራተኛ መጨመር ይገባል፦ ተመልሰህ እይ። የሚቀረው ሁሉ የእነዚህ አራቱ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ የሚነቀል እምነት

እስከ 1980ዎቹ ድረስ በሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀር ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ጡንቻ በሚያዝል መድኃኒትና በቀላል የማደንዘዣ ጋዝ ብቻ፣ በቂ ማስታገሻ ሳያገኙ ይቀደዱ ነበር። ምክንያቱ «የሕፃን ነርቭ ገና አልበሰለም፣ አይሰማውም» የሚል ነበር። በ1987 አናንድና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ያወጡት ጥናት ይህን አናጋው፦ በቀዶ ጥገና ጊዜ ፌንታኒል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ያገኙ ሕፃናት ካላገኙት ይልቅ የሰውነታቸው የጭንቀት ሆርሞን ዝቅ ያለ፣ የደረሰባቸው ችግርም ያነሰ ነበር። ስለዚህ የሕፃን ሕመም የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምና ውጤት ጉዳይም ነው። ሆዱን ወይም ደረቱን የተቀደደ ልጅ ሲያመው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አይስልም። የሳንባው ግርጌ ይጨማደዳል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይመጣል። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ይቀየራል እንጂ ወደ ሕመሙ ማንም አይመለስም።

የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ አንድ ሰው መናገር አለመቻሉ ሕመም እንደሌለው ማስረጃ አይሆንም ብሎ አስቀምጧል። ለነርስ ይህ ማለት የማይናገረውን ልጅ የመለካት ኃላፊነቱ የእሷ ነው ማለት ነው።

መለካት፦ መሣሪያው ዕድሜውን ይምሰል

ከ8 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ከ0 እስከ 10 ያለውን ቁጥር ራሱ ሊናገር ይችላል። ከ4 ዓመት ገደማ ጀምሮ የፊት ሥዕሎችን ማሳየት ይቻላል፤ እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ነርሷ የልጁን ፊት ከሥዕሉ ጋር አመሳስላ ራሷ መምረጧ ነው። ሥዕሉ የተሠራው ልጁ ውስጡ የሚሰማውን እንዲያመለክትበት ነው። ሌላው ስህተት «የትኛውን ትመስላለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ልጁ የሚያምረውን ፈገግታ ይመርጣል። «ቁስልህ ስንት ያህል እንደሚያምህ የሚያሳየው የትኛው ነው?» ይባል። ልጁ ለሕመም የሚጠቀምበትን ቃል ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከእናቱ ጠይቆ ቻርቱ ላይ መጻፍ ይጠቅማል።

ከ2 ወር እስከ 7 ዓመት ላሉት፣ በተለይ መናገር ለማይችሉት፣ በ1997 በሚሺጋን የወጣው «ፍላክ» የሚባለው መለኪያ ለዋርድ ይመቻል። አምስት ነገር ይታያል፦ ፊት፣ እግር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ለቅሶና ለማባበል የሚሰጠው ምላሽ። እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ያገኛል፣ ድምሩ ከ10 ነው። ከ1 እስከ 3 ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 10 ከባድ ሕመም ነው።

በወረቀት ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ የሚፈጠረው አልጋው አጠገብ ነው። ከበር ቆሞ አይለካም። ብርድ ልብሱ ተገልጦ እግሩ መታየት አለበት፤ ያመመው ልጅ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ወይም እግሩ ግትር ይላል። የነቃ ልጅ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ፣ የተኛ ልጅ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይታያል። ተኝቷል ማለት አላመመውም ማለት አይደለም፤ ልጅ ከድካም ብዛት እያመመው ሊተኛ ይችላል፣ ግንባሩ ግን እንደተኮማተረ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ዝም ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጣሪያ እያየ የሚተኛው ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ «ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይታለፋል። ብዙውን ጊዜ የማይንቀሳቀሰው ስለሚያመው ነው፤ እንዲገላበጥ ወይም እንዲያስል ሲደረግ እውነቱ ይወጣል። ሕመም በእረፍትም በእንቅስቃሴም ይለካ የሚባለው ለዚህ ነው።

ለጨቅላ ሕፃናት «ኒፕስ» የሚባለው መለኪያ አለ፤ ፊትን፣ ለቅሶን፣ አተነፋፈስን፣ ክንድን፣ እግርንና የንቃት ሁኔታን አይቶ ከ7 ይሰጣል፤ ከ3 በላይ ከሆነ ሕመም አለ ተብሎ ይወሰዳል።

ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ ግን የቁስል ሕመም አይደለም። ከማደንዘዣ እየነቃ የሚወራጭ ልጅ፣ የራበው ልጅ፣ ሽንቱ የታገደበት ልጅ፣ ካኑላው (መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ከደም ሥር ወጥቶ እጁ ያበጠ ልጅም ከፍ ያለ ቁጥር ያመጣል። ማስታገሻ ከመቅዳት በፊት ከላይ እስከ ታች ልጁን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በተለይ እግሩ ወይም እጁ በጀሶ የታሰረ ልጅ ማስታገሻ እያገኘ ሕመሙ ከጨመረ፣ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅሱለት ከጮኸ፣ መጠኑን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። ጡንቻው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ወዲያውኑ ይጠራል፣ ጀሶው ይከፈታል።

መርፌን የሚፈራ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል

ይህ ለብቻው መነገር አለበት። በአገራችን ልጅን በመርፌ ማስፈራራት የተለመደ ነው፤ «አርፈህ ካልተቀመጥህ ሲስተር ትወጋሃለች» ይባላል። በዚህ ላይ ማስታገሻው ጡንቻ ላይ የሚወጋ ከሆነ ልጁ ፈጥኖ አንድ ነገር ይማራል፦ «አመመኝ» ካልሁ እወጋለሁ። ከዚያ በኋላ ለጥያቄው ሁሉ መልሱ «አላመመኝም» ይሆናል። ስለዚህ ጡንቻ ላይ የሚሰጥ ማስታገሻ ለልጅ በተቻለ መጠን ይቀር፤ ካኑላ ካለው በደም ሥር፣ መዋጥ ከቻለ በአፍ ይሰጠው። አስታማሚውም በግልጽ ይነገረው፦ ልጁን በነርስም በመርፌም አታስፈራሩት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውም ከቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ይራቅ።

መድኃኒቱ፦ በሰዓቱ፣ በኪሎው

የዋርድ ትልቁ ችግር «ሲያስፈልግ» ተብሎ የሚታዘዝ ማስታገሻ ነው። ልጅ ጠርቶ መድኃኒት አይጠይቅም፤ እናትም ነርስ ማስቸገር ትፈራለች። በተግባር «ሲያስፈልግ» ማለት «አይሰጥም» ሆኖ ያርፋል። ከመካከለኛና ከከባድ ቀዶ ጥገና በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት መሠረታዊው ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጥ፤ «ሲያስፈልግ» የሚባለው በላዩ ለሚጨመረው ብቻ ይሁን። ኦርደሩን የሚጽፈው ሐኪሙ ነው፤ የሠለጠነች ነርስ ግን «ይህ በሰዓት ይሁንልኝ» ብላ መጠየቅ ትችላለች፣ ይገባታልም።

ክብደቱ 12 ኪሎ የሆነ ልጅ እንውሰድ። ክብደቱ ከቀዶ ጥገናው በፊት በሚዛን የተለካ እንጂ የተገመተ አይሁን።

ፓራሲታሞል በአፍ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ ለዚህ ልጅ 180 ሚሊ ግራም። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሌላው ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ከሆነና ነርሷ ያንኑ 7.5 ሚሊ ሊትር ከሰጠች ልጁ 375 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው፣ ከእጥፍ በላይ። ስለዚህ ኦርደር በሚሊ ሊትር ብቻ አይጻፍ፤ ሚሊ ግራሙ ይቅደም። በደም ሥር የሚሰጠው ፓራሲታሞል በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ ስለዚህ 180 ሚሊ ግራም ማለት 18 ሚሊ ሊትር ነው። ሚሊ ግራሙን እንደ ሚሊ ሊትር የወሰደ ሰው አሥር እጥፍ ይሰጣል፣ ጉበት የሚያጠፋውም ይህ ነው። 100 ሚሊ ሊትሩን ጠርሙስ ትንሽ ልጅ ላይ ሰቅሎ መሄድ አይገባም፤ የሚፈለገው መጠን በሲሪንጅ ተቀድቶ በ15 ደቂቃ ይሰጥ። ከ10 ኪሎ በታች ለሆኑት በደም ሥር የሚሰጠው መጠን ዝቅ ይላል፤ በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም የሚለው መመሪያ ሰፊ ተቀባይነት አለው።

አይቡፕሮፌን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ይጨመራል። በ10 ስናሰላው ለ12 ኪሎው ልጅ 120 ሚሊ ግራም ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ባለው ሽሮፕ 6 ሚሊ ሊትር። ከ3 ወር በታች ላለ፣ ኩላሊቱ ለታመመ፣ ፈሳሽ ላነሰውና የመድማት ችግር ላለበት ልጅ አይሰጥም። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ይሠራሉ፤ የሚያስፈልገውንም የሞርፊን መጠን ይቀንሳሉ።

ኮዴይንና ትራማዶል የሚባሉት ማስታገሻዎች ላይ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮዴይን በራሱ ብዙም አይሠራም፤ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም ወደ ጠንካራ ቅርጹ ይለወጣል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ ስላለው መድኃኒቱን እጅግ በፍጥነት ይቀይረዋል፤ የተለመደው መጠን ለእሱ ከመጠን በላይ ይሆናል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህ ጂን ተባዝቶ እንዳላቸው አሳይቷል፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ግን ይህ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር በ2013 ቶንሲላቸውን ለተቀደዱ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ በ2017 ደግሞ ኮዴይንንም ትራማዶልንም ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ከለከለ። መድኃኒቱን ወስደው ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ልጆች ስለነበሩ ነው። ትራማዶል በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ ለልጅ የሚታዘዝበት ዋርድ ይህን ልማድ ማቆም አለበት።

ሞርፊን ለከባድ ሕመም ዋናው መድኃኒት ነው። ነርሶች የሚፈሩት በሁለት ምክንያት ነው፦ ሱስና የትንፋሽ መቆም። ሱሱ ለጥቂት ቀን የቀዶ ጥገና ሕመም የሚያሰጋ አይደለም። የትንፋሹ ነገር እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን አለመስጠት ሳይሆን አቅጥኖ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሰጥቶ፣ አጠገቡ ሆኖ ማየት ነው።

10 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የያዘ አምፑል በ9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይቀጠናል፤ ያን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በኪሎ 0.05 ሚሊ ግራም ብንጀምር፣ ለ12 ኪሎው 0.6 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.6 ሚሊ ሊትር ነው። ያልቀጠነውን 0.6 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው 6 ሚሊ ግራም ሰጠ። ስለዚህ የቀጠነው ሲሪንጅ ወዲያው «ሞርፊን፣ 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር»፣ ሰዓትና ስም ይጻፍበት፤ ሁለተኛ ነርስም ሒሳቡን ለብቻዋ ትሥራው፣ የመጀመሪያዋን አይታ «ልክ ነው» አትበል። መድኃኒቱ በጥቂት ደቂቃዎች ቀስ ብሎ ይሰጥ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጠብቆ ሕመሙ እንደገና ይለካ፤ አሁንም 4ና ከዚያ በላይ ከሆነና ልጁ ንቁ ከሆነ ኦርደሩ በሚፈቅደው መሠረት ይደገም። ከ6 ወር በታች ለሆኑት መጠኑ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፣ ክትትሉም በማያቋርጥ ሞኒተር ይሁን።

ከትንፋሹ ቀድሞ የሚመጣው ምልክት እንቅልፍ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልኬት ልጁ ምን ያህል እንደነቃ ይጻፍ፦ 0 ንቁ፣ 1 ድብት ያለው ግን በቀላሉ የሚነቃ፣ 2 እያናገሩት የሚያንቀላፋ፣ 3 ለማንቃት የሚያስቸግር። 2 ላይ የሚቀጥለው ሞርፊን ይቆማል፣ ሐኪም ይነገረዋል። 3 ላይ፣ ወይም አተነፋፈሱ ክፍሉ ከወሰነው ገደብ በታች ከወረደ (ለምሳሌ ከአንድ ዓመት በታች በደቂቃ 20፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 15፣ ከዚያ በላይ 12)፣ አየር መንገዱ ይከፈታል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ካስፈለገ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ይታገዛል፣ የሞርፊንን ሥራ የሚሽረው ናሎክሶን ይቀዳል። የኦክስጅን መጠን ብቻውን አያስተማምን፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ልጅ ትንፋሹ እየቀነሰም የደሙን ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር 98 ሊያሳይ ይችላል።

ናሎክሶን 0.4 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የያዘውን በ19 ሚሊ ሊትር ሳላይን ስናቀጥነው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ልጁ የሚተነፍስ ግን በጣም ያንቀላፋ ከሆነ በኪሎ 1 ማይክሮ ግራም፣ ለ12 ኪሎው 0.6 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እየቆዩ እስኪነቃ ይሰጣል። ትንፋሹ ከቆመ በኪሎ 10 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም 6 ሚሊ ሊትር። ሙሉ አምፑል በአንድ ጊዜ መስጠት ልጁን ከነሕመሙ በድንገት ይቀሰቅሰዋል። ናሎክሶን ከሞርፊን ቀድሞ ስለሚያልቅ «ነቅቷል» ብሎ መተው አይቻልም፤ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ክትትሉ ይቀጥል።

ከወገብ በታች በሚደረጉ ቀዶ ጥገናዎች የማደንዘዣ ባለሙያው ከጭራ አጥንት በኩል ቡፒቫኬይን የሚባል የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ ዋርድ ሲደርስ ደስተኛ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ በአንዴ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ላይ፣ አንዲት ነርስ ብቻ ባለችበት። በርክክብ ጊዜ «ማደንዘዣው በስንት ሰዓት ተሰጠ?» ብሎ መጠየቅና ማደንዘዣው ከማለቁ በፊት ፓራሲታሞሉን ማስጀመር ይህን ያስቀራል።

ከመድኃኒት ውጭ ያለውም ሕክምና ነው፦ እናት አጠገቡ መሆኗ፣ ጡት ማጥባት፣ ቁስል ከማጠብ በፊት መናገር፣ ፊኛ ወይም የሳሙና አረፋ ማስነፋት፣ ተረት። በማስታገሻው ላይ ይጨመራል እንጂ በምትኩ አይገባም።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ?

ንግግሩ ከግማሽ ቀን አይብለጥ። የቀረው ጊዜ ለእጅ ሥራ ይሁን። ከቤተሰብ ፈቃድ ጋር የተቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎችን አሳይቶ እያንዳንዷ ነርስ ለብቻዋ ፍላክ ታስላ፤ በሁለት ሰዎች መካከል ከ2 ነጥብ በላይ ልዩነት ሲመጣ ቪዲዮው ተመልሶ ይታይ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደተለያዩ ይነጋገሩ። ባዶ አምፑል፣ ሳላይንና ሲሪንጅ ይዘው የ4፣ የ12 እና የ25 ኪሎ ልጅ መጠን ይቅዱ። የናሎክሶኑ ሒሳብ በሰዓት ይለካ፤ በድንገተኛ ጊዜ የሚሰላ ነገር ቀድሞ በእጅ ካልገባ አይገኝም። ሐኪም በስልክ ማናገርም ይለማመዱ፦ «ፍላኩ 8 ነው፣ ፓራሲታሞል ከአንድ ሰዓት በፊት አግኝቷል፣ ንቃቱ 0፣ አተነፋፈሱ 28፣ ሞርፊን ይታዘዝልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር «ዶክተር፣ ልጁ እያለቀሰ ነው» ከሚለው ይልቅ ኦርደር ያመጣል።

ከዚያ የሚበልጠው ክፍል ዋርድ ውስጥ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት አሠልጣኙ በየሽፍቱ፣ የሌሊቱንም ጨምሮ፣ አልጋ አጠገብ አብሮ ይለካ። በየወሩ አሥር ቻርት በዕጣ ይወጣና አራት ጥያቄ ይጠየቅበት፦ መለኪያው ለዕድሜው ይስማማል? ቁጥሩ 4 ሲደርስ በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ተደርጓል? በደም ሥር ከተሰጠ ከ15 እስከ 30፣ በአፍ ከተሰጠ በ60 ደቂቃ እንደገና ተለክቷል? በሰዓቱ የታዘዘው ሳይሰጥ የቀረ አለ? ውጤቱ ስም ሳይጠራ ለክፍሉ ይነገር። አንዱ ጥያቄ በተደጋጋሚ ሲወድቅ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ አይደለችም፤ የሞርፊኑ ቁልፍ ያለው ሌላ ሕንፃ ነው፣ ወይም ሽሮፕ አልቋል፣ ወይም ለሠላሳ አልጋ ሁለት ነርስ አለ። ሥልጠና ይህን አይፈታም፤ ቁጥሩን ይዞ ወደ አስተዳደር መሄድ ግን ይጠቅማል።

ወደ ቤት ሲሄድ

ቶንሲሉ የወጣለት ልጅ ሕመሙ እስከ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ካልዋጠ ውኃ አይጠጣም፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አስታማሚው ልጁ ሲያለቅስ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እንዲሰጥ ይነገረው። የሻይ ማንኪያ መጠኑ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ባለ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሰጠው፣ የልጁ መጠን ላይ (ለ12 ኪሎው ልጅ በ120ው የፓራሲታሞል ሽሮፕ 7.5) በማርከር መስመር ይሰመርበት፣ ነርሷ ፊትም ራሱ ቀድቶ ያሳይ። ፓናዶልና ፓራሲታሞል አንድ መድኃኒት መሆናቸውና አብረው እንደማይሰጡ በቃል ይነገር።

ሰዓቱም በአስታማሚው ሰዓት ይጻፍ። ቻርቱ ላይ 06:00 የሚለው ለሆስፒታሉ ንጋት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው። ወረቀቱ ላይ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ሌሊት 6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ ይሣልለት። ልጁ በቀን ውስጥ ከወትሮው ከግማሽ በታች ከሸና፣ ከአፉ ትኩስ ደም ከታየ፣ ወይም ማስታገሻውን ወስዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕመሙ ካልቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይመለስ።